የጭልፋው ሚስማር

ለምወድሽ ለባለቤቴ ታላቅ እህት፣

ጤናሽን ከመጠየቄ በፊት ጉልበትሽን እጠይቃለሁ፤ ጉልበትሽ ደህና ካደረ የቀረው አካልሽ እንደማያስቸግርሽ አውቃለሁና። ያ ሐኪም ያዘዘልሽ ቅባት ሽታው እንጂ ፈውሱ አልታየኝም ብለሽኝ ነበር። አሁንስ እንዴት ነው? ደረጃውን ትወጫለሽ ወይስ ዛሬም ሳሎን ነው የምትተኚው? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ጆሮዬ ትንሽ ደነዝ ብሏል፤ ግን በዚህ ከተማ ከሚወራው ግማሹን አለመስማት ጸጋ እንጂ ሕመም አይደለም። ውሻው ጄኔራልም ደህና ነው፤ ብቻ ወፍሯል። ለምን እንደወፈረ ዝቅ ብዬ እነግርሻለሁ።

ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ደጋግሜ ተቀምጬ ደጋግሜ ተነሥቻለሁ። በስልክ ብነግርሽ ይቀል ነበር። አንቺ ግን ቅር አይበልሽና በስልክ ሰው አታስጨርሺም፤ ይህን ነገር ደግሞ ሳልጨርሰው ከተቆጣሽኝ አለቀልኝ። በደብዳቤ ሲሆን እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ልትጮሂብኝ አትችዪም። ብትጮሂም አልሰማም።

ነገሩ የጭልፋው ነገር ነው።

የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ሰዎቻችን በሚያዘጋጁት የቺሊ፣ የዚያ በበርበሬ የሚሠራ የሥጋ ወጥ፣ ውድድር ያሸነፈ ሰው እስከሚቀጥለው ውድድር ቤቱ የሚሰቅለው ያ የእንጨት ጭልፋ፣ እህትሽ ኔልዳ በሕይወት ሳለች ከእኛ ግድግዳ ወርዶ አያውቅም። እሷ ስታሸንፍ ስታሸንፍ ኖራ ከተማው ጭልፋው የውድድሩ መሆኑን እስኪረሳ ደርሶ ነበር። ሚስማሩን ከምድጃው አጠገብ በገዛ እጇ ነው የመታችው። ቁመቷን ታውቂዋለሽ፤ ሚስማሩ እኔን ከደረቴ በታች ነው የሚደርሰኝ። ስንት ጊዜ ክርኔን እንደወጋኝ፣ ስንት ጊዜ «ከፍ አድርጊው» እንዳልኳት፣ እሷም ስንት ጊዜ «አንተ እጠር» እንዳለችኝ እግዚአብሔር ያውቃል።

ያረፈችበት ዓመት ስለ እሷ ክብር ውድድሩ ሳይደረግ ቀረ፤ ጭልፋውም እዚያው ተሰቅሎ ከረመ። ባለፈው በጋ ግን የአንድ ገበሬ የድርቆሽ ጎተራ ሲነድ፣ የእሳት አደጋው የውሃ ቦቴ ደርሶ ፓምፑ ሳለ እንጂ ውሃ አልረጨም። ሰዎቹ በባልዲ ሲሯሯጡ ጎተራው ዐመድ ሆነ። እንግዲህ አዲስ ፓምፕ ያስፈልጋል፤ ለፓምፑ ውድድሩ ያስፈልጋል፤ ለውድድሩ ደግሞ ጭልፋው ያስፈልጋል።

የእሳት አደጋው አለቃ ዶይል ስቴፋኔክ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ መጣ። ሬሳ ሊወስድ የመጣ ነበር የሚመስለው። «ኤልሮይ፣ ወንድሜ፣ እንዴት እንደምልህ ጨንቆኛል» አለኝ። «ዶይል፣ ጭልፋውን ፈልገህ ነው» አልኩት። «ኧረ አንተው እግዜር ይስጥህ!» ብሎ ላቡን ጠረገ። አውርጄ ሰጠሁት። በጨርቅ ጠቅልሎ፣ መኪናው ውስጥ የፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ ቀበቶ አሰረለት።

አንቺ በዚያው ቀን ደወልሽ። ማን እንደነገረሽ ዛሬም አላውቅም። «ያ ጭልፋ ከእህቴ ግድግዳ ከወረደ ያንን ቤት ደጃፉን አልረግጥም፤ ሄደህ ተወዳድረህ አምጣው» አልሽኝ። ቀልድሽ መስሎኝ ልስቅ ስል ስልኩ ተዘጋ። እኔ ደግሞ ለገናም ለትንሣኤም ከአንቺ ሌላ ደጄን የሚመታ ዘመድ የለኝም። በዚህም ምክንያት፣ ዕድሜዬን ሙሉ የበሰለውን ከመብላት በቀር እንዴት እንደሚበስል የማላውቅ ሰው፣ ሽርጥ ታጠቅሁ።

የልምምዱን ነገር ባልነግርሽ ይሻል ነበር። የመጀመሪያው ድስት ጫማ ጫማ አለ። ሁለተኛው ጫማ አላለም፤ ምንም አላለም። ሁሉንም የጨረሰው ጄኔራል ነው፤ የውፍረቱ ምክንያት ይኸው። አንድ ቀን ግን እሱም ሳህኑን አሽትቶ፣ ቀና ብሎ አይቶኝ፣ ወጥቶ ሣር በላ። ፓስተራችንን ጋበዝኩት። አንድ ማንኪያ ቀመሰ፤ ማንኪያውን በዝግታ አስቀመጠና ስለ ኢዮብ ትዕግሥት ይነግረኝ ጀመር። እኔም ገባኝ።

ተስፋዬ አንድ ነበር፤ የኔልዳ በርበሬ። ያ ከጓሮ አጥር ሥር ራሷ ተክላ፣ ራሷ አድርቃ የፈጨችው። በጠርሙሱ ሥር ለአንድ ድስት የሚሆን ቀርቶ ነበር። ካረፈች ወዲህ አልነካሁትም። አልፎ አልፎ ክዳኑን ከፍቼ አሸትት ነበር እንጂ። ሚስቱ ስትናፍቀው የሚያለቅስ ሰው አለ፤ እኔ ስትናፍቀኝ አስነጥሳለሁ። እንዴት እንደምትጨምረው አይቻለሁ። ቅመሙን በሦስት ትከፍለዋለች፤ አንዱን ከሥጋው ጋር፣ አንዱን መሐል ላይ፣ የራሷን በርበሬ ግን ለመጨረሻው ታቆያለች። «ቀድሞ የገባ በርበሬ ይደክማል፤ ዘግይቶ የገባ ይናገራል» ትል ነበር። ያን ቅሪት ጠርሙሱን መታ መታ አድርጌ አራገፍኩት። ከዚህ በኋላ እንደማይኖር እያወቅሁ ነው ያደረግኩት፤ ላንቺ ቃል ስል።

የውድድሩ ዕለት የእሳት አደጋው ግቢ ሰው በሰው ሆኗል። ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ ባርኔጣ ያስሮጣል። ጠረጴዛ ስላነሰ ሁለት ሁለት አድርገው መደቡን፤ እኔን ከሎርና ፒኬት ጋር።

ሎርናን አታውቂያትም። የኦሃዮ ሰው ናት፤ እዚያ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ልጇ እዚህ ስታገባ ተከትላት መጣች፤ ልጇ ወደ ሂዩስተን ስትዛወር ግን «ደግሜ ዕቃ አላስርም» ብላ ቀረች። ቁመቷ የአውቶቡስ በር ያህላል። ድምፅዋ የኋላ ወንበር ላይ የሚበጠብጡትን ጸጥ ለማሰኘት የተሠራ ነው፤ እኔ አንድም ቃል አላመለጠኝም።

ገና ከመጀመሪያው ጠብ ተነሣ። ዶይል ዕቃዋን ሲፈትሽ አንድ ማሰሮ ከፈተና እባብ እንዳየ ሰው ወደኋላ አለ። «ሎርና፣ ይሄ ምንድን ነው?» አላት።

«ቦሎቄ ነዋ!» አለችው።

«በቴክሳስ ቺሊ ውስጥ ቦሎቄ የለም። አንደኛ ሕግ።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው፣ አንደኛውን ተመልከት ይላል።»

እሷም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ፓምፕ የሌለው ቦቴ ይዛችሁ የምትፈሩት ቦሎቄ ነው?» አለችው። ሰዉ ሳቀ። ይህ ሳያንሳት፣ በአገሯ ቺሊን ፓስታ ላይ እንደሚያፈሱት፣ ቀረፋና ካካዋም እንደሚጨምሩበት ጮክ ብላ ተናገረች። አጠገባችን የቆሙ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ሰው የሞተ መስሏቸው ሳይሆን አይቀርም። በመጨረሻ ተስማሙ፤ ቀረፋው ይገባል፣ ምክንያቱም ሕጉ ስለ ቀረፋ አያውቅም፤ ቦሎቄው ግን ድስቱ ውስጥ ዝር አይልም። ማሰሮውን ጠረጴዛ ሥር አስቀመጠችና፣ «ቆይ፣ ሲርባችሁ እንገናኛለን» አለች።

አሁን ልብ ብለሽ አንብቢ፤ ጉዱ ከዚህ ነው። በቅመም ውስጥ የሚደበቅ ነገር እንዳይኖር ተብሎ፣ ዶይል የእያንዳንዱን ሰው ቅመም አይቶ፣ እሳት አደጋው ባደላቸው ነጫጭ ፖስታዎች ውስጥ ያሽገዋል። ፖስታዎቹ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚል ማኅተም እንጂ ስም የለባቸውም። የሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነው። የእኔ ሦስተኛ ፖስታ የኔልዳ በርበሬ ነው። የሎርና ሦስተኛ ቀረፋና ካካዋ።

ሥጋውን ቆርጠን ጣድን። የመጀመሪያውንም ሁለተኛውንም ፖስታ በየድስታችን ጨመርን። እኔ በየመሐሉ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብዬ እጸልያለሁ። እንዴት እንደምጸልይም ግራ ገብቶኝ ነበር። ጌታዬን ስለ ጭልፋ መለመን ነውር መሰለኝ፤ እሱ ስንት ጉዳይ አለበት። ስለዚህ «ፈቃድህ ይሁን፤ ብቻ ኔልዳን እንዳላሳፍራት» አልኩ። ሎርና ሰምታ፣ «ለእኔም ጨምርልኝ፤ እኔ ወደ ላይ ስደውል መሥመሩ ሁልጊዜ ይያዝብኛል» አለችኝ። ጨመርኩላት። ምን አለበት ብዬ ነው።

ያኔ ነፋሱ መጣ። የሁለታችንንም ቀሪ ፖስታ እንዳይበር አንድ የፈረስ ኮቴ ብረት ሥር ነበር ያስቀመጥነው። ከላያችን ያለው ድንኳን ተንገጫግጮ ጠረጴዛችንን ሲያናጋው ብረቱ ወደቀ፤ ፖስታዎቹም በረሩ። ሎርና በዚያ ረጅም እግሯ አንዱን አጥሩ ላይ ደረሰችበት፤ እኔ አንዱን ከቦቴው ጎማ ሥር ተንበርክኬ አወጣሁ። ተመልሰን ተሳሳቅን። ሰዓቱ ደርሶ ነበርና የያዝነውን ቀደን በየድስታችን አፈሰስነው።

ወዲያው የገና ብስኩት ሽታ ሸተተኝ።

አፍንጫዬን ድስቱ ውስጥ ልከት ምንም አልቀረኝም። ቀረፋ ነው። የበሬ ሥጋ ቺሊዬ ብስኩት ብስኩት ይላል። ቀና ስል ሎርና ማንኪያዋን አፏ ውስጥ እንዳደረገች ቆማለች። ዓይኗ ሞልቷል። አንዲት ዘለላ እንባ ጉንጯ ላይ ወረደች። «ኤልሮይ» አለችኝ፣ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ፤ «ይሄ የእኔ አይደለም። ይሄ የማን ነው?»

«የሚስቴ ነው» አልኳት።

እህቴ፣ አልዋሽሽም፤ ተናደድኩ። በነፋሱ ተናደድኩ፣ በዶይል ፖስታ ተናደድኩ፣ እዚያ በቆመችው ረጅም ሴት ተናደድኩ። የመጨረሻዋ የኔልዳ በርበሬ በሰው ድስት ገባች። ከእንግዲህ ጠርሙሱን ከፍቼ የማሸተው የለኝም። የእንጨት ሣጥን ላይ ቁጭ አልኩ። ሎርና ማንኪያዋን አስቀመጠች። ከዚያ ዝቅ ብላ፣ ግራ ቀኙን አይታ፣ በጆሮዬ እንዲህ አለችኝ፦ «ድስቱን እንቀያየር። ማንም አላየንም። ያንተን እኔ እወስዳለሁ፤ ቀረፋ አላስፈራኝም። የሚስትህን አንተ ውሰድ።»

ቀና ብዬ አየኋት፤ ቀልዷን አልነበረም። ድስቱን በእጀታው ይዛዋለች።

ጭልፋው በዚያ ሰዓት እጄ እንደገባ ነበር። ያንን በርበሬ የሚያሸንፍ በዚያ ግቢ አልነበረም፤ እኔም አውቃለሁ። አንቺን አሰብኩሽ። ደጃፌን ሳትረግጪ የማሳልፈውን ትንሣኤ አሰብኩ። «እሺ» የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ግን ድስቷ ውስጥ ስመለከት ሥጋው ታየኝ። ከማለዳ ጀምራ አንድ ዓይነት አድርጋ፣ እንደ ዶቃ የቆረጠችው ሥጋ። የእኔ ሥጋ እንደ ጡብ ፍርስራሽ ነው። ኔልዳ ብትኖር የሰው ድስት ተቀብዬ ጭልፋ ይዤ ብገባ፣ በዚያው ጭልፋ አናቴን ነበር የምትለኝ።

«ተዪው፤ በርበሬዋ የሚስቴ ናት፣ ድስቱ ያንቺ ነው። ያበሰልሽው አንቺ ነሽ» አልኳት።

ድስቱን ለቀቀች። «ስንት ዓመት ስነዳ፣ ቆሞ ሌላውን የሚያሳልፍ ሹፌር አይቼ አላውቅም» አለችኝ።

ዳኞቹ የማን እንደሆነ ሳያውቁ ነው የሚቀምሱት። ሁሉም ሰው ቺሊውን በአንድ ዓይነት ኩባያ አድርጎ ያስረክባል፤ ከኩባያው ሥር ቁጥር ተለጥፏል፤ የዚያው ቁጥር ሌላው ቁራጭ በአብሳዩ እጅ ይቀራል። ከዳኞቹ አንዱ የከብት ሐኪሙ ዶክተር ቶልበርት ነበር። ምላሱ ከበሬ ምላስ አይለይም እየተባለ የሚታማ ሰው ነው። አንዱን ቀምሶ አለፈ፣ ሌላውን ቀምሶ አለፈ። አንዱ ኩባያ ላይ ሲደርስ ፊቱን አኮማተረና፣ «ይሄንን ያበሰለው ሰው ገና ደርሷል መስሎት ነው?» አለ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ቀጥሎ ሌላ ኩባያ አነሣ። ቀመሰ። አልሳቀም። ማንኪያውን አስቀምጦ መነጽሩን አወለቀና ጠረገው። ደግሞ ቀመሰ። «ይህችን እጅ አውቃታለሁ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። «ኔልዳ ናት።»

ነፋሱ እንኳን ያን ጊዜ ያቆመ መሰለኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኝ ጀመር። ዶይል ጭልፋውን ይዞ ወደ እኔ መራመድ ሁሉ ጀምሮ ነበር፤ ከዚያ ኩባያውን ገልብጦ ቁጥሩን ጠራ።

ሎርና ነበረች።

ማንም አላጨበጨበም። «እንዴት ተደርጎ!» የሚል ብቻ ተሰማ። አንዷ ሴትዮ ከኋላ፣ «ሰርቃለች!» ስትል፣ በደነዘው ጆሮዬ እንኳን ሰማሁ። እዚያች ላይ ተነሣሁ። ብዙ ሰው ፊት መናገር እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ እንኳን ሲሰጠኝ ለሌላ ሰው አሳልፋለሁ። ነፋሱን፣ ፖስታዎቹን፣ ቀረፋውን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ሎርና ድስቷን ልትሰጠኝ እንደነበረም፣ እንቢ ያልኩትም እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። ስጨርስ ሎርና፣ «እንግዲያው ጭልፋው የእሱ ነው፤ ውሰደው» አለች። እኔ «አልወስድም» አልኩ። «ውሰድ!» «አልወስድም!» ሰዉ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል። ዶይል መሐላችን ጭልፋውን ይዞ እንደ ትራፊክ ቆሟል።

በመጨረሻ ከረር ብሎ ተናገረ። «ሕጉ ስለተሳሳተ ፖስታ የሚለው የለም። ሕጉ የሚለው ቦሎቄ የለም ነው። ቦሎቄ አለበት? የለበትም። አለቀ!» ብሎ ጭልፋውን ለሎርና አስረከባት። ያን ጊዜ ነው ሰዉ ያጨበጨበው። ለእኔም ሽልማት አልቀረልኝም። የመጨረሻ የወጣ ሰው በገመድ የተንጠለጠለ የተቃጠለ የድስት ክዳን አንገቱ ላይ ይታሰርለታል። እሱን አንጠልጥዬ ዋልኩ። ዶክተር ቶልበርት ባለፈ ባገደመ ቁጥር «መልካም ገና!» ይለኛል።

ፓምፑ ተገዝቷል፤ ደስ ይበልሽ። ያን ዕለት ግን ቺሊው ቶሎ አለቀና ሰዉ ራበው። አመሻሽ ላይ ከቦቴው ጀርባ ስዞር ምን እንዳየሁ ልንገርሽ? ዶይል፣ እነዚያ ባርኔጣቸውን ያወለቁት ሽማግሌ፣ ደግሞም ፓስተራችን፣ ጀርባቸውን ለሰው ሰጥተው የሎርናን ቦሎቄ ይበላሉ። ዶይል አፉን ሞልቶ፣ «ኤልሮይ፣ ይሄ እዚሁ ይቅር» አለኝ። ሎርና ለእኔም በሳህን ሰጠችኝ። በላሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ጣፈጠኝ።

እንግዲህ ጭልፋው ሄደ። ላንቺ ልነግርሽ ፈርቼ ዝም ያልኩትም ለዚህ ነው።

ግን ነገሩ በዚያ አልቆመም። ከውድድሩ በኋላ ሎርና ጭልፋውን ይዛ ደጄ መጣች። «ግድግዳዬ ላይ ሆኖ ያየኛል፤ እንቅልፍ አልሰጠኝም» ብላ ሰጥታኝ ሄደች። የሰው ሽልማት ቤቴ ማስቀመጥ ከበደኝና፣ ባዶ እጅ ነውር ነው ብዬ ከፔካን ዛፋችን የለቀምኩትን ለውዝ ጨምሬ መለስኩላት። እሷም የለውዙን ኬክ ጋግራ ከነጭልፋው አመጣችው። ሳህኗን መመለስ ነበረብኝ፤ ጭልፋውንም አብሬ ወሰድኩት። በረንዳዋ ላይ የተነቃነቀ ደረጃ አይቼ ስለነበር መዶሻዬንም ይዤ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ ክረምቱ አለፈ። ዶይል፣ «ያ ጭልፋ ከቦቴው የበለጠ መንገድ ተጉዟል» ይላል። ጄኔራል እንኳን የመኪናዋን ድምፅ ሲሰማ፣ ያ ሰነፍ፣ ከምንጣፉ ይነሣል።

ራሴን መርምሬአለሁ፤ ጌታ ፊትም ቀርቤ መርምሬአለሁ። ከኔልዳ መቃብር ሄጄ ሁሉንም ነግሬአታለሁ፤ ቀረፋውንም ሳልደብቅ። አጠገቧ ቆሜ የዶክተሩ ቃል መጣብኝ። ያቺ በርበሬ በነፋስ በርራ ማን ድስት ውስጥ እንደወደቀች አሰብኩ። እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ ይህ ነው ብዬ አልተረጉመውም። ግን ኔልዳ በሕይወቷ ማንም እንዲመርጥላት ፈቅዳ እንደማታውቅ አንቺም ታውቂያለሽ።

ባለፈው እሑድ ፓስተራችን በር ላይ እጄን ሲጨብጥ፣ «ያ ጭልፋ ሽማግሌ ነው፤ መመላለሱ አይከብደውም?» አለኝ። እኔም አስቤበት እንደነበር ነገርኩት። ሎርናም አስባበት ነበረች፤ ሁለት ግድግዳ ምን ያደርግልናል ተባባልን።

እህቴ፣ አሁን የምለምንሽ እንዲህ ነው። ከትንሣኤ ቀጥሎ ያለውን ቅዳሜ ሌላ ጉዳይ እንዳትይዢበት። ሰማያዊዋን ቀሚስሽን አምጪ፤ ያቺን ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ የምትለብሻትን። ጉልበትሽ እንዳይቸገር ዶይል በመኪናው መጥቶ ይወስድሻል፤ ቀበቶም ያስርልሻል። ጭልፋው ከግድግዳው ከወረደ ደጃፉን አልረግጥም ብለሽኝ ነበር። ቃልሽን እንድታጥፊ አላደርግሽም፤ ስትመጪ ራስሽ ታዪዋለሽ።

የኔልዳን ሚስማር አልነቀልኩትም። እሱ ላይ ያን የተቃጠለ ክዳኔን ሰቅዬበታለሁ፤ ብታየው ሆዷን ይዛ ነበር የምትስቀው። ከሱ ከፍ አድርጌ ግን ለጭልፋው ሌላ ሚስማር መታሁ። እኔ እንኳን ልደርስበት መንጠራራት አለብኝ።

አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ እንቅልፍሽን ያጣፍጥልሽ። እኛ ያጣናትን እሱ በብርሃን ያኑርልን። ተቆጥተሽም ቢሆን ጻፊልኝ፤ ዝምታሽ ከቁጣሽ ይብስብኛል። ጄኔራል ጅራቱን እየቆላ ሰላም ብሎሻል።

የእህትሽ ባል፣
እስከ ዕለተ ሞቴም ወንድምሽ